የካሜራችሁን አይኤስኦ ራሳችሁ ፈትኑት

«በዚህ ካሜራ እስከ ስንት አይኤስኦ ልሂድ?» ሠርግ ማንሳት የጀመሩ ልጆች ከሁሉም በላይ የሚጠይቁኝ ይህን ነው። አይኤስኦ ካሜራው የሰበሰበውን ብርሃን የሚያጎላበት ቁጥር ነው፤ ከፍ ሲል ኖይዝ፣ ማለትም ፎቶው ላይ የሚበተነው ነጠብጣብ፣ አብሮ ይታያል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ፎቶው የት ነው የሚታየው? በቴሌግራም ተልኮ ስልክ ላይ የሚታይ ፎቶና 40 በ60 ታጥቦ ሳሎን የሚሰቀል ፎቶ ቁጥራቸው አንድ አይደለም። ዩቲዩብ ላይ አንዱ «እስከ 6400 ምንም አይልም» ስላለ ብቻ፣ ተክሊል ላይ በ6400 ተማምኖ መግባት አያዋጣም። የእሱ መብራት ሌላ ነው። ሌንሱም ሌላ ነው። የሚያነሳው ሰው የቆዳ ቀለም እንኳ ሌላ ነው።

ስለዚህ ካሜራችሁን ራሳችሁ ፈትኑት። ቢበዛ ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው። እኔ የምሠራበት ካኖን 6ዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ 20 ሜጋፒክስል ያለው፣ ያገለገለ የገዛሁት። አይኤስኦው በመደበኛው ከ100 እስከ 25600 ይሄዳል። ከታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የእሱ ናቸው። መንገዱ ግን ለማንኛውም ካሜራ ያው ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። አይኤስኦ ስትጨምሩ ካሜራው ተጨማሪ ብርሃን አያገኝም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ላይ የሚያርፈውን ብርሃን የሚወስኑት ቦታው ላይ ያለው ብርሃን፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) እና ሻተሩ (ብርሃኑ የሚገባበት ጊዜ) ናቸው። አይኤስኦ የተሰበሰበውን ማጉላት ብቻ ነው። ኖይዝ የሚመጣው ደግሞ ከብርሃን ማነስ ነው። አንድ ፒክስል ላይ 10,000 የብርሃን ቅንጣቶች ቢያርፉ፣ በተፈጥሮ የሚኖረው መዋዠቅ የቁጥሩ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 100 ገደማ ነው። 1 በመቶ ብቻ ስለሆነ ዓይን አያየውም። 100 ቅንጣቶች ብቻ ቢያርፉ ግን መዋዠቁ 10 ነው። ይህ 10 በመቶ ነው፤ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከ100 ወደ 6400 አይኤስኦ ስትወጡ 64 ጊዜ ባነሰ ብርሃን እየሠራችሁ ነው። ካሜራውን አትርገሙት።

ጠረጴዛው ላይ ምን ይቀመጥ?

ኢንተርኔት ላይ የሚታዩት ፈተናዎች አሻንጉሊት፣ የቢራ ጠርሙስና ባለቀለም ካርድ ያነሳሉ። እኛ ግን የምናነሳው ሌላ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ሥራችንን የሚመስል ነገር ይቀመጥ።

ነጭ ነጠላ፣ ጥበቡ ከፊት ወጥቶ እንዲታይ አድርጋችሁ አጥፉት። ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላየሁም። ነጩ ውስጥ ያለው ስስ ፈትል ቀድሞ የሚጠፋው ነገር ነው። ጥበቡ ላይ ደግሞ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ክሮች ተጠጋግተው ስለሚሄዱ ቀለም መደባለቅ ሲጀምር ወዲያው ያስታውቃል። አጠገቡ ጥቁር ጀበና አስቀምጡ። ኖይዝ ቤቱን የሚሠራው ጥላ ውስጥ ነው፤ ከጀበናው ሆድ በታች ያለው ጨለማ ሁሉን ይነግራችኋል። ጥቃቅን ፊደል ለማየት የጋዜጣ ገጽ ጨምሩ፤ ማስታወቂያ ያለበት ገጽ ይሻላል።

ከዚያ በነጭ ሳህን በርበሬ። አትሳቁ። በርበሬ ራሱ ደቃቅ ነው። አይኤስኦ 100 ላይ ቅንጣቱን፣ ያልደቀቀውን ቢጫ የፍሬ ስባሪ፣ በሳህኑ ጠርዝ የተበተነውን ሁሉ ለይታችሁ ታያላችሁ። ከፍ ስትሉ አንድ ቦታ ላይ የበርበሬው ቅንጣት የቱ፣ የካሜራው ኖይዝ የቱ እንደሆነ መለየት ያቅታችኋል። ካሜራው ራሱም ያቅተዋል። ኖይዝ ማጥፊያውን ብታበሩት በርበሬውንም አብሮ ያጠፋዋል፤ ሳህኑ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ይመስላል። የሙሽራዋን የተሠራ ፀጉር የሚያደርገውም ልክ እንደዚሁ ነው።

ሰው ማስገባት ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም በመጨረሻ የሚከፍላችሁ ሰው ነው። ግን ማንም ሰው አንድ ሰከንድ ሙሉ ሳይነቃነቅ አይቀመጥም። ከጠረጴዛው አጠገብ ወንበር አስቀምጡና ከ1600 ጀምሮ ብቻ አስቀምጡት። ከዚያ በታች ያለው ለፊት አያሳስብም። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ያለው ሰው ይሁን። ጥቁር ቆዳ ከነጭ ቆዳ ያነሰ ብርሃን ይመልሳል፤ ስለዚህ ፊቱ በፎቶው ጨለማ ክፍል በኩል ይውላል፤ ኖይዙም እዚያ ነው ያለው። የፈረንጆቹ ናሙና ለእኛ የማይሠራበት ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

መብራቱ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አስቡበት። ፈተናው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከካሜራው ሳይሆን ከመብራቱ ነው።

የቤት መብራት አልመክርም። አንደኛ፣ የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይፈዝዛሉ። ሻተሩን 1/30 ሰከንድ አድርጋችሁ ስታነሱ አይታወቅም። በ1/250 ስታነሱ ግን የድምቀቱን ወይም የፍዘቱን ቁራጭ ብቻ ልትይዙ ትችላላችሁ። አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ቀጣዩ ጨለማ፣ ሌላው ላይ አግድም መስመር ይሆናል። እናንተ አይኤስኦው ነው ትላላችሁ፤ አምፖሉ ነው። ሁለተኛ፣ ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ ኃይሉ ይወርዳል። ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ማብራራት አያስፈልገኝም።

ሁለት ጥሩ ምርጫዎች አሉ። አንደኛው ደመናው ወጥ ሆኖ በዘጋበት ቀን በመስኮት የሚገባ ብርሃን ነው። ክረምት ለዚህ የተመቸ ነው። ደመናው የተቆራረጠ ከሆነ ግን ተዉት፤ ፀሐይ ብቅ ጥልቅ ስትል ፈተናው ገደል ይገባል። ሌላው በባትሪ የሚሠራ የቪዲዮ መብራት ነው። ባትሪውን ሞልታችሁ፣ ድምቀቱን ግማሽ ላይ አድርጋችሁ፣ ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሩት።

ይህን ስትጨርሱ፣ ጊዜ ካላችሁ፣ ሁለተኛ ዙር በቢጫ አምፖል ወይም በጧፍ ብርሃን ሞክሩ። ቢጫ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊ በጣም ጥቂት ነው። ካሜራው ነጩን ነጭ ለማድረግ ሰማያዊውን ለብቻው ያጎላዋል፤ ኖይዙንም አብሮ። በመስኮት ብርሃን ደህና የነበረው 3200 በጧፍ ብርሃን የከፋ የሚመስለው ለዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምትሠሩ ሁሉ ይህን በዓይናችሁ ብታዩት ጥሩ ነው።

ካሜራውን ማዘጋጀት

ትራይፖድ የግድ ነው። ከሌላችሁ ወፍራም መጽሐፍ ደርድራችሁ ካሜራውን አስቀምጡበት፤ ብቻ አይነቃነቅ። ሻተሩን በጣት አትጫኑ፤ የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ። ሌንሱ ማረጋጊያ ካለው አጥፉት። ፎከስ አንድ ጊዜ ጀበናው አፍ ላይ አድርጉና ወደ ማንዋል ቀይሩት። ዋይት ባላንስ (ነጩን ነጭ የሚያደርገው የቀለም ማስተካከያ) አውቶ አይሁን፤ አንድ ቦታ ላይ ይቆለፍ።

ሮው (ካሜራው ያላስተካከለው ጥሬ ፋይል) እና ጄፔግ (ካሜራው አዘጋጅቶ የሚሰጣችሁ ፎቶ) አብራችሁ አንሱ። ከዚያ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ካሜራው በራሱ ፎቶውን የሚያስተካክልባቸውን ሁሉ አጥፉ። ካኖን ላይ «ሃይ አይኤስኦ ስፒድ ኖይዝ ሪዳክሽን» እና «አውቶ ላይቲንግ ኦፕቲማይዘር» ናቸው። ኒኮን ላይ ሁለተኛው «አክቲቭ ዲ ላይቲንግ» ይባላል። እነዚህ ከበሩ የምትፈትኑት ሴንሰሩን ሳይሆን ሶፍትዌሩን ነው።

ሞዱ ማንዋል ይሁን። አፐርቸሩን ኤፍ 5.6 ላይ አድርጉና ከዚያ በኋላ አትንኩት። የሚቀያየሩት አይኤስኦና ሻተር ብቻ ናቸው። አይኤስኦ እጥፍ ሲሆን ሻተሩ በግማሽ ያጥራል። ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ በአይኤስኦ 100 አንድ ሰከንድ ገደማ ይሆናል እንበል። ከዚያ 200 ላይ 1/2፣ 400 ላይ 1/4፣ 800 ላይ 1/8፣ 1600 ላይ 1/15፣ 3200 ላይ 1/30፣ 6400 ላይ 1/60፣ 12800 ላይ 1/125፣ 25600 ላይ 1/250። እናንተ ክፍል ውስጥ መነሻው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አካሄዱ ግን አይለወጥም። ሁሉም ፎቶዎች እኩል ደማቅ ሆነው መውጣት አለባቸው። ሂስቶግራሙን (የፎቶውን ድምቀት የሚያሳየውን ግራፍ) አይታችሁ አረጋግጡ።

25600 ላይ ስትደርሱ እንዳታቆሙ። ተመልሳችሁ 100ን እንደገና አንሱ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው 100 እኩል ካልደመቁ፣ መሃል ላይ ብርሃኑ ተለውጧል ማለት ነው፤ ከነጭራሹ ድገሙት። ይህቺን አንድ ፎቶ የሚዘላት ብዙ ነው።

ማየት

ኮምፒውተር ላይ ከመክፈታችሁ በፊት የፋይሎቹን ክብደት ተመልከቱ። ቦታው አንድ፣ ዕቃው አንድ፣ ግን ብዙ ካሜራዎች ላይ አይኤስኦው በጨመረ ቁጥር የሮው ፋይሉ እየከበደ ይሄዳል። ኖይዝ ሥርዓት የሌለው ነገር ስለሆነ ታሽጎ አያንስም።

ከዚያ በላይትሩም ወይም ባላችሁ ፕሮግራም ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በ100 ፐርሰንት እዩ። 100ን ከ1600፣ ከዚያ 100ን ከ3200፣ እያለ ይሄዳል። ልብ በሉ፤ ላይትሩም ሮው ፋይል ሲከፍት የቀለም ኖይዝ ማጥፊያውን ከመነሻው 25 ላይ አድርጎ ነው። ዜሮ አድርጉትና የካሜራውን እውነተኛ ገጽ እዩ፤ ከዚያ መልሱት።

እኔ 6ዲው ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከ100 እስከ 800 ልዩነት ፈልጎ ማግኘት ሥራ ፈትነት ነው። 1600 ላይ ከጀበናው ሆድ በታች ስስ ግሬይን (አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ) ይጀምራል። 3200 ላይ ግሬይኑ ግልጽ ነው፤ የነጠላው ፈትል ግን አለ፤ ፊትም ደህና ነው። 6400 ላይ ጥቁሩ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቅ ይላል፤ የጋዜጣው ትንሹ ፊደል ይነበባል፤ የጥበቡ ክር ግን መነካካት ይጀምራል። 12800 ላይ በርበሬውን ተሰናበቱት። 25600 ላይ ነጠላው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው፤ ቆዳውም ነፍስ ያጣል።

እዚህ ላይ አቁማችሁ «ስለዚህ ጣሪያዬ 3200 ነው» ካላችሁ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናችሁ። ደንበኛ በ100 ፐርሰንት አያይም። የ6ዲ ፎቶ 5472 በ3648 ፒክስል ነው። በ10 በ15 ሴንቲሜትር፣ በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) ስታሳጥቡት የሚያስፈልገው 1800 በ1200 ገደማ ነው። ዘጠኝ የሚሆኑ ፒክስሎች ተጨምቀው አንድ ይሆናሉ፤ ኖይዙም ወደ ሲሶው ይወርዳል። ስክሪን ላይ ያስደነገጣችሁ 6400 ወረቀት ላይ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ቴሌግራምም ፎቶ እንደ ፋይል ካልላካችሁት በቀር ያሳንሰዋል፤ ሲያሳንሰው ኖይዙም አብሮ ይቀንሳል።

ስለዚህ 1600፣ 3200፣ 6400ና 12800ን ምረጡና ፎቶ ቤት ወስዳችሁ አሳጥቡ። አንዱን ዙር 10 በ15፣ ሌላውን 20 በ30። ከጀርባው ቁጥሩን በእርሳስ ጻፉ። ከዚያ ስለ ካሜራ ምንም ለማያውቅ ሰው ስጡትና «የትኛው ያምራል?» በሉት። እኔ ለአንዲት እናት 12800ውን በ20 በ30 ሳሳያቸው «ልጄ፣ ፊቷ ላይ አሸዋ ነው እንዴ የተበተነው?» አሉኝ። 6400ውን ግን «ይቺ ጥሩ ናት» ብለው አለፏት። ጎኑ ላይ የነበረውን ነጠብጣብ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ ከፋይ አይደለሁም።

ሁለተኛው ፈተና፣ ከመጀመሪያው የሚበልጠው

ኖይዝ የሚፈሩ ልጆች አይኤስኦውን 800 ላይ ያስሩና ፎቶውን ጨለማ አድርገው ያነሳሉ። «ቤት ገብቼ በላይትሩም አደምቀዋለሁ» ይላሉ። ይህንንም ፈትኑት። ያው ጠረጴዛ፣ ኤፍ 5.6፣ 1/30። አንዱን በ3200 አንሱ፤ ልክ ይሆናል። ሌላውን ሻተሩን ሳትነኩ በ800 አንሱ፤ ጨለማ ይሆናል። ከዚያ የ800ውን በላይትሩም 2 ስቶፕ (አራት እጥፍ) አድምቁና ጎን ለጎን እዩአቸው።

ሁለቱም የሰበሰቡት ብርሃን እኩል ነው። እንደ 6ዲና 600ዲ ባሉ የቆዩ ካኖኖች ላይ ግን የ800ው የባሰ ይወጣል። ጥላው ውስጥ አግድም የተሰመረ ነገር ታያላችሁ። ምክንያቱም እነዚህ ካሜራዎች ከማጉያው በኋላ የራሳቸውን ኖይዝ ይጨምራሉ፤ ቀድሞ የጎላው ምልክት ያንን ይሸፍነዋል፤ ያልጎላው ግን ኋላ ስታደምቁት አብሮ ይነሳል። እንደ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ባሉ አዳዲሶቹ ላይ ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው። የእናንተ ካሜራ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይህች ፈተና ትነግራችኋለች። የቆየ ካኖን ከያዛችሁ ግን ጨለማ 800 ከልክ 3200 አይሻልም። በቃ።

የኖይዝ ማጥፊያው ነገርስ? ላይትሩም እ.ኤ.አ. በ2023 ያመጣው በኤአይ የሚሠራው ዲኖይዝ እውነትም ጉድ ነው። 6400ውን ወደ 1600 የሚያስጠጋ ነው። ግን የጋዜጣውን ገጽ ስጡትና እዩ፤ ትንንሽ ፊደል ሲያገኝ አንዳንዴ የሌለ ቅርጽ ይፈጥራል። ለሠርግ አልበም እጠቀምበታለሁ። ለሰነድ ግን አልጠቀምበትም።

ሁለት ካሜራ ለማወዳደር

ጓደኛችሁ ሌላ ካሜራ ካለው ጠረጴዛው ሳይነሳ ጥሩት። ሌንሱ የተቻለውን ያህል ተመሳሳይ ይሁን። አፐርቸሩና ሻተሩ ግን የግድ አንድ ይሁኑ። አንዱ ካሜራ 3200 የሚለውና ሌላው 3200 የሚለው ሁልጊዜ እኩል አይደሉም፤ ስታንዳርዱ ለአምራቾቹ ልቅ ቦታ ትቶላቸዋል። ስለዚህ አንዱ ትንሽ ጨለም ብሎ ቢወጣ አትገረሙ። ሜጋፒክስላቸው ከተለያየም በ100 ፐርሰንት አታወዳድሩ። ሁለቱንም ወደ አንድ መጠን አሳንሱና እዩ።

ረዳቴ የሚይዘው 600ዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2011 ካሜራ፣ ሴንሰሩ አነስ ያለ። የ6ዲው ሴንሰር በስፋት ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆነዋል። ጎን ለጎን ስናያቸው የ600ዲው 1600 ከእኔው 3200 አለፍ ብሎ ወደ 6400 ይጠጋል። ከዚያ ወዲህ ምሽት ላይ እሱ ውጭ ይቆማል፤ አዳራሽ ውስጥ እኔ እገባለሁ።

ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላ

ሁለት ጣሪያ ይኑራችሁ። የእኔ ለአልበም 6400 ነው፤ ለቴሌግራምና ለፌስቡክ 12800። ኖይዝ ፈርታችሁ ግን ሻተሩን አታዘግዩ። እስክስታ በ1/60 ካነሳችሁት ትከሻ የለም፤ ጭጋግ ነው። ግሬይን ያለበት ፎቶ ይታጠባል፤ ብለር የሆነውን ማንም አይፈልገውም። ከ1/60 ወደ 1/250 ለመውጣት 3200 የነበረው 12800 ይሆናል። ጭፈራ ላይ ያለምንም ማመንታት እወጣለሁ።

ከዚያ በላይ ከጠየቃችሁ መፍትሔው ካሜራ መቀየር ሳይሆን ሌንስ ነው። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ኪት ሌንስ ዙም ሲደረግ ኤፍ 5.6 ነው። 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 የምትባለዋ ርካሽ ሌንስ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ታስገባለች። 6400 ይጠይቅ የነበረው ቦታ 640 ላይ ይወርዳል። አዲስ ካሜራ ለመግዛት ዕቁብ የምትጥሉ ልጆች መጀመሪያ እሷን ግዙ። ፎከሷ ግን ስስ ነው። ሙሽራውና ሙሽሪት እኩል ካልቆሙ አንዱ ይደበዝዛል፤ ኤፍ 1.8 ላይ ለቡድን ፎቶ አትሆንም።

በመጨረሻ ቁጥሩን ካሜራው ውስጥ አስቀምጡት። አውቶ አይኤስኦ ሜኑ ውስጥ ማክሲመም የሚል አለ፤ ጣሪያችሁን እዚያ ሙሉ። 6ዲ ላይ ሲ1 እና ሲ2 የሚባሉ ቦታዎች አሉ። ሲ1 ላይ የቤተ ክርስቲያኑን አስቀምጫለሁ፦ ኤፍ 2.8፣ 1/125፣ ጣሪያ 6400፣ ድምፁ የቀነሰ ሻተር። ሲ2 የጭፈራው ነው፦ 1/250፣ ጣሪያ 12800። ዛሬውኑ ፈትናችሁ ብትሞሉት፣ ከርሞም ካሜራው እስካልተቀየረ ድረስ እንደገና መንካት አያስፈልጋችሁም።